በር፦ መውጫም መግቢያም

የመንግሥት ጽሑፎቻችን ድንበር ላይ ያለውን ማለፊያ «መግቢያና መውጫ» ይሉታል። ሁለት ቃላት ለአንድ ቦታ መሆናቸው ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ሹፌር ጋላፊ ሲደርስ ከአንዱ አገር ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ታዲያ ጋላፊ መግቢያ ነው ወይስ መውጫ? ሁለቱም ቃላት የሚነግሩን ተጓዡ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ቦታው ምን እንደሆነ አይደለም። ቦታውን ራሱን የሚጠራ ነጠላ ቃል ግን ቀድሞውንም አለን፤ በር። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ጥቂት የታሪክ ምስክሮችን ላቅርብ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅማ መንግሥት ድንበሩን የሚጠብቀው በኬላ ነበር። ነጋዴው ሲገባም ሲወጣም የሚያልፈው በዚያው በኬላው ነው። «አባ ኬላ» የሚባለው ሹም አላፊ አግዳሚውን ይመረምራል፤ ቀረጥም በዚያው ይከፈላል። ኬላ የሚለው ቃል አቅጣጫን አይለይም፤ ጠባቂ እንዳለ ግን ያስታውቃል።

ሐረርም እንዲሁ ናት። የጁገል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች ነበሩት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ከተማዪቱ ገባ። ለመውጣት ግን የአሚሩን ፈቃድ እየጠበቀ ዐሥር ቀን ያህል ቆየ። በሩ ያው በር ነው፤ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በባለቤቱ ፈቃድ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት የምጽዋ ነው። ወደቡን ኦቶማኖች በ1557 ያዙት፤ በ1860ዎቹ ወደ ግብጾች እጅ ተላለፈ። ዐፄ ዮሐንስ ጁን 3 ቀን 1884 ዐድዋ ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከአድሚራል ሂዌት ጋር ተዋዋሉ። ውሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባም ከኢትዮጵያ የሚወጣም ዕቃ ሁሉ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ይፈቅድ ነበር። የበሩ ቁልፍ ግን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልነበረም። ስምንት ወር እንዳለፈ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዙ። የኢትዮጵያ ጠመንጃ ሊገባበት የታሰበው በር የባዕድ ጦር መግቢያ ሆነ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የተዋጋነው በዚያ በር ከገባው ኃይል ጋር ነው።

እንግሊዞችም ጣሊያኖችም «ወደ ባሕር መውጫ» የሚሉትን እኛ «የባሕር በር» እንለዋለን። የእኛ አጠራር የተሻለ ይመስለኛል። በዘመናችን ክርክር ግን ቃሉን ይዘን ትርጉሙን የዘነጋን እንመስላለን። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች፣ በ1998ም ጦርነቱ አሰብን ከዘጋብን ወዲህ አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዳችን በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሞቃዲሾን አስቆጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 11፣ የአንካራው መግለጫ ጉዳዩን መልሶ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር አስቀመጠው። ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚያወራው ስለ መውጣት ነበር፤ ከበሩ ማዶ ስለቆመው ባለቤት የተነጋገርነው ከተፈረመ በኋላ ነው።

ባሕር ለኢትዮጵያ አያስፈልጋትም የሚል የታሪክ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን መውጫ የሚሻ ሰው ከፊቱ ያለውን መንገድ ብቻ ያያል፤ በር የሚሻ ሰው ስለ ደጃፉም፣ ስለ ቁልፉም፣ ስለ ጎረቤቱም ማሰብ ይኖርበታል። እንግዲህ የባሕር በር ጥያቄን የሚያነሣ ሁሉ ሁለት ነገር አብሮ ይመልስልን፦ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? እኛ በምንወጣበት በርስ ማን ይገባል?