ዐሥራ አራት ጊዜ ያነሰ ስካቫተር

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲቆፈር አጥሩ ጥግ ቆሞ የማያይ ሰው ጥቂት ነው። ሥራ የረፈደበትም፣ ሎተሪ አዟሪውም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውም ለአንድ ደቂቃ ይቆማል። ስካቫተር የሰው እጅ ስለሚመስል ይመስለኛል፤ ትከሻ አለው፣ ክርን አለው፣ አንጓ አለው። ይህን ማሽን አሳንሰው ሠርተው፣ በሬዲዮ እያዘዙ፣ ጓሯቸው ውስጥ አፈር የሚያስቆፍሩ ሰዎች አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሚስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች። "ምነው፣ ሥራ ፈቱ እንዴ?" ማለት ይቻላል። ግን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ስታዩት፣ ከጨዋታ የዘለለ ጉዳይ አለበት።

ከዋናው ማሽን እንጀምር። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።) አሜሪካዊው ዊልያም ኦቲስ በእንፋሎት ለሚሠራው ቆፋሪ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1839 ነበር። በዚያው ዓመት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ሞተ። ከእሱ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቆፋሪ ማሽኖች በሰንሰለትና በሽቦ ገመድ ነበር የሚንቀሳቀሱት። ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከበሮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ታጭቋል። ለአሻንጉሊት ሠሪ ግን ይህ ምቹ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ በ1901 በሊቨርፑል የፈጠራ መብት ያወጣበትና በኋላ ሜካኖ የተባለው የመገጣጠሚያ ዕቃ ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች፣ ብሎንና ዳዶ ነበሩ። ክር ጠምጥሞ ክሬን መሥራት ለአንድ ልጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትንሹ ማሽን የሚሠራው ትልቁ በሚሠራበት መንገድ ነበር።

ይህን ስምምነት ያፈረሰው ዘይት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ የቱሪኖቹ የብሩኔሪ ወንድማማቾች፣ በ1954 ደግሞ የጀርመኑ ዴማግ ቢ504፣ ገመዱን ጥለው ክንዱን በዘይት ግፊት አንቀሳቀሱት። ሲሊንደር ይስባልም ይገፋልም። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየው ሁሉ የዚያ ዘር ነው። አሳናሾቹ ግን ተቸገሩ፤ የጣት ውፍረት ያለው፣ ዘይት የማያፈስ ሲሊንደር ከየት ይምጣ? ስለዚህ ማስመሰል ጀመሩ። ሲሊንደር በሚመስል ቱቦ ውስጥ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን ከተው በትንሽ ሞተር አዞሩት። ዛሬም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ድንጋይ ሲያጋጥም ነው የሚጋለጠው። የዘይቱ ማሽን ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ማስተንፈሻ ቫልቩ ተከፍቶ ክንዱ ቀጥ ይላል። ባለብሎኑ እምቢ ብሎ ይታገላል፣ ከዚያ ወይ ማርሹ ይበላል ወይ ሞተሩ ይቃጠላል።

ሬዲዮውም የራሱን ጉዞ ሄዷል። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገንዳ ላይ ትንሽ ጀልባ ያለሽቦ አዝዞ ሕዝብ አስደነቀ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አማተሮች ሞዴል አውሮፕላን ማብረር ሲጀምሩ፣ በእጃቸው የነበረው በአብዛኛው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጎማ ላስቲክ ተጠምዞ መሪውን ያዞራል፣ ቁልፉ በተጫኑ ቁጥር አንድ እርምጃ ይለቀቃል። በዚህ ስካቫተር አይታሰብም። ቡም፣ ክንድ፣ ባኬት፣ የላይኛው አካል መዞር፣ የግራ ካቴና፣ የቀኝ ካቴና፤ ስድስት እንቅስቃሴ፣ አንዳንዱም በአንድ ጊዜ። መንገዱ የተከፈተው በ1960ዎቹ፣ እጀታው በተገፋበት ልክ የሚታዘዝ ሬዲዮ ሲመጣ ነው። በ1976 የጃፓኑ ታሚያ ፖርሽ 934ን በሬዲዮ የሚነዳ መኪና አድርጎ ሲያወጣ ነገሩ ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። የጭነት መኪኖቹ በኋላ በ1/14 መጡ፤ ስካቫተሩም እነሱን እንዲጭን በዚያው ልክ፣ ወይም አውሮፓ ውስጥ በሚዘወተረው 1/14.5፣ ይሠራል።

የሚገርመኝ አንድ አጋጣሚ አለ። የአውሮፕላን ሪሞት ሁለት እጀታ አለው፣ የእውነተኛ ስካቫተር ጋቢናም እንዲሁ። በተለመደው አሠራር ግራው ማዞርና ክንድ፣ ቀኙ ቡምና ባኬት ነው። ችግሩ የአውሮፕላኑ የነዳጅ እጀታ በለቀቁት ቦታ የሚቀር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ሪሞቱን ፈትተው ወደ መሃል የሚመልስ ሞላ ያስገቡለታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 30 ቶን የሚመዝን ስካቫተር በ14 ሲያንስ ክብደቱ በ14 አያንስም። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ከፍታውም ስለሚያንስ በ2,744 ይካፈላል፤ ወደ 11 ኪሎ ይሆናል። አፈሩ ግን አላነሰም። 3 ሳንቲሜትር ጠጠር ለትንሿ ማሽን የ42 ሳንቲሜትር ቋጥኝ ነው፤ ገረጋንቲ ፊቷ ላይ ብታፈሱላት ተራራ ነው። ስለዚህ ከፕላስቲክ የተሠራች ቀላል ማሽን ባኬቷን መሬት ላይ ስትጫን እሷው ወደ ላይ ትነሳለች። ቁምነገረኞቹ ከብረት የሚሠሩት፣ ኋላዋ ላይ እርሳስ የሚሞሉት ለዚህ ነው።

ዘይቱም በመጨረሻ መጣ። ትንሽ ሞተር ፓምፕ ያዞራል፣ ሰርቮዎች (ሪሞቱ ባዘዘው ልክ ዞረው የሚቆሙ ትንንሽ ሞተሮች) ቫልቮቹን ይገፋሉ። በትልቁ ማሽን ግፊቱ 350 ባር አካባቢ ነው፤ በትንሿ 25 እንበል። ውስጡ 10 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በዚህ ግፊት 20 ኪሎ ያህል ይገፋል። በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የማስተካከል ሥራ ግን ወራት ይበላል። ሰርቮው ልክ መሃል ላይ ካልቆመ ክንዱ ሳይታዘዝ ይንፏቀቃል። ቫልቩ ትንሽ ካሳለፈ ቡሙ እያያችሁት ቁልቁል ይወርዳል። ፓምፑ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ከዞረ ዘይቱ ይግላል፤ ስለዚህ እጀታው ሲገፋ ብቻ እንዲፈጥን ይደረጋል። ያኔ ድምፁም ከትልቁ ጋር ይመሳሰላል።

አንድ ነገር ብቻ አይስተካከልም፦ ጊዜ። ከ2.8 ሜትር የሚወድቅ አፈር መሬት ለመድረስ 0.76 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በትንሿ ማሽን ያው ከፍታ 20 ሳንቲሜትር ነው፣ 0.2 ሰከንድ። ክንዱን ቀስ አድርጋችሁ ብታስመስሉም አፈሩ ሲፈስ ያጋልጣችኋል። ቪዲዮውን አዘግይተው የሚያሳዩት ወደው አይደለም።

አሳናሾቹ ትንሿን እውነተኛ ለማስመሰል ሲደክሙ፣ ትልቋ ራሷ በሬዲዮ የምትታዘዝ ሆነች። ሰኔ 3 ቀን 1991 ጃፓን ውስጥ የኡንዘን እሳተ ገሞራ የለቀቀው የጋለ አመድና ጋዝ 43 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ መካከል እሳተ ገሞራ በመቅረጽ የታወቁት ባልና ሚስት ሞሪስና ካትያ ክራፍት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃና ድንጋይ ወደ መንደሮቹ ስለሚወርድ ማገጃ ግድብ ያስፈልግ ነበር፤ ተራራው ሥር ሰው ማስገባት ግን ማስገደል ነው። መፍትሔው ስካቫተር፣ ዶዘርና ገልባጭ መኪናን ሰው አልባ አድርጎ ከሩቅ፣ በካሜራ እያዩ በሪሞት ማሠራት ሆነ። ያ ልምድ በ2011 የፉኩሺማ ፍርስራሽ ሲነሳም አገልግሏል።

ኦፕሬተር ወንበሩ ላይ ሆኖ በመቀመጫው ብዙ ይሰማዋል፤ ማሽኑ ሲያዘነብል፣ ባኬቱ ድንጋይ ሲነካ። ከሩቅ ሲሆን ይህ ሁሉ ይጠፋል። የጓሮው ሰውዬ የሚታገለውም ከዚሁ ጋር ነው፤ ድንጋይ መንካቱን የሚያውቀው የፓምፑ ድምፅ ሲከብድ ነው።

እኛ ጋ ለዚህ ሁሉ ዕቃ የሚሆን ገንዘብ ከባድ ነው። ዘይቱን ለመረዳት ግን ካርቶን፣ ሁለት ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ይበቃል። በትንሹ ሲሪንጅ ስትገፉ ትልቁ በዝግታ፣ ግን በበለጠ ጉልበት ይወጣል። ውስጡን በውሃ ሙሉት፣ አየር አታስቀሩ። አንዲት አረፋ ከቀረች ክንዱ ላስቲክ ይሆናል፤ ትልቁ ስካቫተር ውስጥ አየር ሲገባም የሚሆነው እንዲሁ ነው።