ከሊማሊሞ እስከ ቧሂት፤ የስሜን መንገዶች ታሪክ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ በደረሰ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በዝግታ ከፍ እያለ የመጣው ደጋ በድንገት ተቈርጦ፣ ከእግሩ ሥር ወደ ተከዜ የሚያዘነብል ሰፊ ቆላ ይገለጥለታል። ደጋውን ከዚህ ቆላ ጋር የሚያገናኘው ቁልቁለት ሊማሊሞ ነው። ከዚያው ከደባርቅ ደግሞ ሌላ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ቧሂት ይወጣል። ፊተኛው የነጋዴና የሠራዊት፣ ኋለኛው የአገር ጐብኚና የገበሬ ጐዳና ነው፤ ሆኖም የሁለቱም ታሪክ፣ መንገድ አውጪ ሁሉ መንገዱ ለማን እንደሚያገለግል አስቀድሞ ሊወስን እንደማይችል ይመሰክራል።

ጐንደር መናገሻ ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ይህን አቀበት ሳይወጣ ከነገሥታቱ ከተማ መድረስ አይችልም ነበር። ወደ ላይ አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይወጣል፤ ወደ ታች ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ለኅሊና የሚከብድ ቢሆንም የሰው ልጅም ጭምር ለባርነት ይወርዳል። በ1762 ዓ.ም. በዚህ በኩል ወደ ጐንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ መተላለፊያው ስፋቱ ከሁለት ጫማ እምብዛም የማይበልጥ፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀጭን መንገድ እንደ ነበረ ጽፎአል። እንዲህ ባለ ስፍራ ከላይ የሚወርድና ከታች የሚወጣ ጭነት በተገናኙ ጊዜ፣ አንደኛው ወገን በቅሎውን ከግድግዳው አስጠግቶ ሌላውን ከማሳለፍ በቀር ሌላ መላ አልነበረውም።

ይህ የተፈጥሮ ምሽግ ለመሳፍንቱም መጠጊያ ሆኖአቸዋል። ስሜንንና ትግራይን አጣምረው የገዙት ደጃዝማች ውቤ፣ በጃናሞራ ከሚገኘው ከፍተኛ ስፍራ ላይ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር ረዳትነት አሠርተው ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ውቤን ድል ነሡአቸው፤ ጥቂት ቀናት እንኳ ሳይቈዩም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ለአንዱ የተሠራ መቅደስ ለሌላው ሥርዓተ ንግሥ መዋሉ፣ የስሜን መንገዶች ኋላ ለሚገጥማቸው ዕጣ ቀዳሚ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

ሊማሊሞን የመኪና መንገድ ያደረገው የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን ጐንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ስላደረጋት፣ ከአሥመራ ጋር ሊያገናኛት ፈልጎ ገደሉን እየፈለጠ፣ በድንጋይ ግንብ እየደገፈ፣ አንዱን እጥፋት በሌላው ላይ እየደረበ መንገዱን አወጣ። ከእነዚያ እጥፋቶች ባንዱ ላይ ጭነት መኪና አቀበቱ አቅቶት በቆመ ጊዜ፣ ረዳቱ ዘልሎ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ሲያደርግ ያየ ሰው፣ ከዚያ በፊት ይህ ሁሉ ጭነት በምን ትከሻ ይወጣ እንደ ነበር ይረዳል።

ይሁን እንጂ ወራሪው መንገዱን ለግዛቱ ማጽኛ ሲያወጣ ለሠራዊቱ መከበቢያ ማበጀቱን አላወቀም። በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት አዲስ አበባ ከገቡና የኢጣሊያ ሠራዊት በየስፍራው እጁን መስጠት ከጀመረ በኋላ፣ በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር በመንገዱ አፋፍ በወልቅፊት መሽጎ፣ ከአሥመራ ወደ ጐንደር የሚወስደውን በር ዘጋ። ስፍራው ከታች ለሚመጣ የማይደፈር ነበር፤ የአገሩ አርበኞች በደጋው በኩል እየከበቡ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ወራት ሙሉ ካስጨነቁት በኋላ ግን በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ያህል ቈይቶም፣ በኅዳር፣ ጐንደር ራስዋ ከኢጣሊያው ጄኔራል ከናሲ እጅ ወጣች።

የሁለተኛው መንገድ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ዋናው ዓላማ፣ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር በየትም የማይገኘውን ዋልያን ከጥፋት ማዳን ነበር። በዚያ ወራት ወደ ሳንቃ በር የሚወጣው በበቅሎ ነበር፤ በኋላ ግን የመኪና መንገድ ተጠርጎ፣ ጐብኚው አስታውንና ጅብራውን፣ በገደል አፋፍ ሣር እየነጨ የሚውለውን የጭላዳ መንጋ ከመኪናው ሳይወርድ ለማየት ቻለ። ለጃናሞራ ገበሬ ደግሞ ያው መንገድ የገበያና የሐኪም ቤት መንገድ ሆነለት። ጐብኚ ሊያይ የወጣበትን ተራራ፣ እርሱ ለመሻገር ብቻ ይፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም ቅርሶች የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት መካከል የተመዘገበው ይህ ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ሲገባ፣ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቍጥር መመናመንና የእርሻ መስፋፋት ብቻ ሳይሆኑ የመንገዱም ሥራ ተጠቅሶ ነበር። መድኃኒቱም መንገዱን መዝጋት አልሆነም፤ ለሕዝቡ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ማውጣት ሆነ እንጂ። የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩና የአማራጩ መንገድ ሥራ ከተያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ የስሜን ሰው እንደ ሌላው ሁሉ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ዋልያም እንደዚሁ መንገድ የማይደርስበት ገደል ያስፈልገዋል። ቀያሹ ችካሉን ከመትከሉ በፊት ሁለቱን ጠይቆ እንደ ሆነ፣ ልጆቹ መንገዱን እንደ ገና ለማዞር አይደክሙም።