ሐረር ያልወጣው ባቡርና ጠፈር የወጣው መንኮራኩር

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የግል ድርጅት ሰው የሚጭን መንኮራኩር በርካሽ ለመሥራት ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የሞተሩን ነገር ለፊዚክስ መምህራችሁ ትቼዋለሁ 😄። የገንዘቡን ግን የድሬ ልጅ ከከዚራ መማር ይችላል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

በ1894 አፄ ምኒልክ ባቡር እንዲዘረጋ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ውል ሰጡ። ኩባንያው የግል ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነው። ተራራው ግን ወጪ ይበላል። ስለዚህ ሐዲዱ ከሥር ቀረና በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ከተማችን እንዲህ ተወለደች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው።

ከዚያስ? ካዝናው ተራቆተ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ ተስማማ፤ ከብሩ ጋር ግን እጁንም አስገባ። ምኒልክ ተቆጡ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም ተቃወሙ። ሥራው ቆመ፣ ኩባንያውም በ1907 ፈረሰ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሌላ ኩባንያ በ1917 ነው።

አሁን ስፔስኤክስን እንይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶቹ ከሸፉ። አራተኛው በሴፕቴምበር 2008 ሲሳካ ድርጅቱ ሊከስር ምንም አልቀረውም ነበር። በዲሴምበር ናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የጭነት ውል ሰጠው፤ በ2014 ደግሞ ሰው ለማመላለስ 2.6 ቢሊዮን። ልብ በሉ፣ ናሳ ደንበኛ ሆነ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ዋጋው ቁርጥ ነው፤ የሚከፈለው ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲታይ ነው፤ መንኮራኩሩም የድርጅቱ ነው። ሜይ 30 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞች ወጡ።

ውል ብቻውን ግን አይበቃም። ቦይንግ በዚያው 2014 4.2 ቢሊዮን አግኝቶ ሰው ያወጣው በ2024 ነው፤ መንኮራኩሩም ባዶውን ተመለሰ።

ርካሽነቱስ ከየት መጣ? ባቡሩ ጅቡቲ በደረሰ ቁጥር የሚጣል ቢሆን ቲኬቱን ማን ይችለው ነበር? ሮኬት ለብዙ ዘመን እንደዚያ ነበር። ስፔስኤክስ ግን የሮኬቱን የታችኛ ክፍል መልሶ አሳርፎ፣ በ2017 ያንኑ ደግሞ አስወነጨፈው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ ጎበዝ መሐንዲስ፣ ተመላልሶ የሚሠራ ዕቃ፣ ከክሽፈት የሚያሻግር ገንዘብ፣ ሳይቀማ የሚገዛ መንግሥት።

ድርጅት ለመክፈት የምታስቡ ተማሪዎቼ፣ ብር ሲመጣላችሁ «ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «በምን ውል?» በሉ።

ቸር ይግጠመን!