ድርጊት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስለ ጎን ለጎን ሂደቶች አጭር ማብራሪያ

ከፍራንክፈርት በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዳርምሽታት፣ ካርል አዳም ፔትሪ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1962 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሂደቶችን (ኮንከረንት ፕሮሰስ) በሒሳብ ለመግለጽ ከተደረጉት ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። ዘርፉ ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቷል። ሆኖም አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮት አለ፤ አንድ ድርጊት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ሕይወት ያለፈበት ጉዳይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ድርጊት እንደ ነጥብ

ሮቢን ሚልነር በ1980 ባሳተመው ሲ.ሲ.ኤስ.፣ ቶኒ ሆርም በ1985 በመጽሐፍ ባወጣው ሲ.ኤስ.ፒ. ድርጊት ርዝመት የለውም፤ እንደ ነጥብ ነው። ስለዚህ «ሀ እና ለ ጎን ለጎን ይሁኑ» ማለት «ወይ ሀ ይቅደም፣ ወይ ለ ይቅደም» ከማለት አይለይም። ይህ መፈራረቅ ይባላል። ሒሳቡን እጅግ ያቀልለታል፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ሀ ቡና መቁላት ይሁን፣ 15 ደቂቃ፤ ለ ወጥ መሥራት፣ 60 ደቂቃ። አንድ ምድጃ ብቻ ካለ ሥራው 75 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ምድጃ ካለ 60። በመፈራረቅ ሒሳብ ግን ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ወይ ቡናው ይቀድማል ወይ ወጡ። ምድጃው ስንት እንደሆነ ከሒሳቡ ጠፍቷል ማለት ነው።

2. መጀመሪያና መጨረሻ

መፍትሔው ድርጊቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ «ሀ ጀመረ»፣ «ሀ አለቀ»። ያን ጊዜ «ወጥ ተጀመረ፣ ቡና መቁላት ተጀመረ፣ ቡናው አለቀ፣ ወጡ አለቀ» የሚለው ቅደም ተከተል ሁለት ምድጃ ባለበት ቤት ብቻ የሚቻል ይሆናል። ልዩነቱ ታየ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንድ ዓይነት ድርጊት ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ሲሄድ፣ የትኛው መጨረሻ የየትኛው መጀመሪያ እንደሆነ መያያዝ አለበት። አለዚያ ዛሬ የገባው ሲወጣ ትናንት የገባው ወጣ ብለን እንመዘግባለን።

3. ቆይታው በቁጥር ሲገባ

የፔትሪን መረብ እንደ ገበጣ አስቡት። ጠጠሮች በጉድጓዶች ተቀምጠዋል፤ የሚፈለጉት ጠጠሮች ሲሟሉ ሽግግሩ ይፈጸማል፣ ጠጠሮቹም ወደሌላ ጉድጓድ ያልፋሉ። በ1970ዎቹ በዚህ ላይ ጊዜ የተጨመረው በሁለት መንገድ ነው። ራምቻንዳኒ ለእያንዳንዱ ሽግግር የታወቀ ቆይታ ሰጠው። መርሊን ደግሞ ሽግግሩን ነጥብ አድርጎ ትቶት፣ ከመፈጸሙ በፊት ቢያንስና ቢበዛ የሚጠበቅበትን ጊዜ ወሰነ። ራጂቭ አሉርና ዴቪድ ዲል በ1990 ባለ ሰዓት አውቶማታን አመጡ፤ ድርጊቱ ሲጀመር ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሲያልቅ ሰዓቱ ይነበባል። «ከ5 እስከ 7 ሴኮንድ» ማለት በዚህ ይቻላል። የኡፕሳላና የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲዎች የሠሩት ኡፓል የተባለው ፕሮግራም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

4. ቢዘነጋ ምን ይመጣል?

ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማሽን ከ1985 እስከ 1987 ቢያንስ ስድስት ሰዎችን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር መትቷል፤ የሞቱም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚከተለው ነበር። ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ 8 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሠራተኛዋ የጻፈችውን በዚያ መሃል ካረመች ማሽኑ እርማቱን አያየውም። ማስተካከሉን እንደ ነጥብ ለሚቆጥር ሰው እርማቱ ወይ በፊት ነው ወይ በኋላ፤ «በመሃል» የሚባል ነገር የለም። አደጋው የተደበቀው ግን እዚያ «መሃል» ላይ ነበር።

ባቡርም እንዲሁ ነው። በ2015 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። መጋጠሚያው 60 ሜትር፣ ባቡሩ 30 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 6 ሜትር ነው ብለን እናስብ። አፍንጫው ከገባበት ጅራቱ እስኪወጣ 15 ሴኮንድ ይሆናል። «ማለፍ» ነጥብ ከሆነ ሁለት ባቡሮች በወረቀት ላይ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ደኅንነቱን ያረጋገጥን ይመስለናል እንጂ አላረጋገጥንም። እዚህ ፍራንክፈርትም ከኤስ 7 በቀር ሁሉም የኤስ-ባን መስመሮች በአንድ ዋሻ ያልፋሉ። አንዱ ባቡር በር ላይ በሰው ብዛት ሲቆይ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። እዚህ የሚያስፈልገን አማካዩ ሳይሆን ቢበዛ ስንት ይቆያል የሚለው ነው።

5. የትኛውን እንምረጥ?

የእኔ ምክር አጭር ነው። ድርጊቱ እየተፈጸመ ሳለ ሌላ ሊነካው የሚችል ነገር ከሌለ ነጥብ ይበቃል፤ ሥራን ያለ ጥቅም ማብዛት አያስፈልግም። ሊነካው የሚችል ካለ መጀመሪያና መጨረሻውን ለዩ። የጊዜ ገደብ ካለበት ደግሞ ትንሹንና ትልቁን ቆይታ በቁጥር አስገቡ። ፋብሪካም ሆነ ሆስፒታል፣ የባንክ ሥርዓትም ሆነ የባቡር ሐዲድ ስትሠሩ «ይህ ነገር ገና ሳያልቅ ሌላው ቢመጣስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በሥዕላችሁ ላይ ከሌለ ሥዕሉ ገና አላለቀም።