ከመድረክ ጩኸት የወጣ ኤርፎን

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሆሳዕና ገበያ አገኘኝና "ቲቸር፣ ይሄ ውድ ኤርፎን አንዱ ጎን ሞተ፤ ልጥለው ነው" አለኝ። አየሁት፤ ወንፊቱ በጆሮ ኩክ ተደፍኗል። ጎማውን አውልቄ፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት። ሠራ!

ታሪኩን ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ ቤቱ ኩሽና ውስጥ የሠራውን የጆሮ ማዳመጫ ለባሕር ኃይል ሸጠ። በ1979 የሶኒ ዎክማን ሙዚቃን ይዘነው እንድንዞር አደረገ። በ1995 ደግሞ የቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ በመድረኩ ጩኸት ሲቸገር፣ የድምፅ ባለሙያቸው ጄሪ ሃርቪ በጆሮው ልክ የሚገባ ሠራለት። ውስጧ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማውጫ የመጣችው ከመስማት ማገዣ መሣሪያ ነው።

አያችሁ? የዚህ ዕቃ ጥቅሙ የውጭውን ጩኸት ዘግቶ ድምፁን በዝቅታ ማሰማት ነው። እኛ ግን ለጆሯችን የማይሆን ጎማ አድርገን፣ ድምፁን እስከ ጥግ እንከፍታለን። እኔም በኮሌጅ ዘመኔ እንዲሁ ነበርኩ፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይጮሃል።

ስትገዙ መጀመሪያ ልክ የሚሆናችሁን ጎማ ምረጡ፤ ገመዱ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ጥሩ። ኤርፎን ይጠገናል፤ የተጎዳ ጆሮ ግን አይመለስም፣ ልጆቼ።