«ኦሮማይ» ለኢስት ዮርክ ልጆች

ከዳንፎርዝ ጎዳና በስተሰሜን ያለው ኢስት ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከቶሮንቶ ጋር ተዋህዷል፤ ነዋሪው ግን ዛሬም በስሙ ይጠራዋል። እዚያ ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ጨለማ የበዛበት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ብርቅ አይደለም። በወላጆቻቸው ቋንቋ የተጻፈው ግን አማርኛ ለማያነቡት ተዘግቶ ቆይቷል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፤ ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ ስለላውና ጦርነቱ መሀል ይገባል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ለዓለም ገበያ ቀረበ።

ለልጅ አይከብድም ወይ? የተጻፈው ለአዋቂ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አይሰጥም። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ግን ቢያነበው ይገባዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ካለቁት ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ከተረፉትም ያን ዘመን ለልጆቻቸው ሳያወሩ ያረጁ አሉ።

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ሲያልቅ ምስጢሩ ይፈታል። ይህን መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ ግን «ደራሲው የት ደረሰ?» ማለቱ አይቀርም። መጽሐፉን የሚሰጠው ወላጅ ያን ጊዜ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይኖርበታል።