ጋዜጠኛና የዘር ማጥፋት ወንጀል፦ ከሩዋንዳ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል ተመልሶ እንደማይሰበሰብ ሲያስረዱ ነው። ይህ አባባል በሬዲዮ ዘመን ምን ያህል እንደሚከብድ የሩዋንዳ ታሪክ በሚገባ ያሳየናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የጋዜጠኛን ኃላፊነት ከእልቂት በፊት፣ በእልቂት ጊዜና ከእልቂት በኋላ ከፋፍለን እንመለከታለን። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሕጉን እናስታውስ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ያወጣው በዲሴምበር 9 ቀን 1948 ነው። አገራችን ኢትዮጵያም በጁላይ 1 ቀን 1949 ስምምነቱን በማጽደቅ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዋ ሆናለች። በስምምነቱ መሠረት የሚቀጣው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ በቀጥታና በአደባባይ ሌላውን ለዚህ ወንጀል የሚያነሣሣም ጭምር ነው።

ከእልቂቱ በፊት

በማርች 1992 የሩዋንዳ መንግሥት ሬዲዮ አንድ ወረቀት ደጋግሞ አነበበ። ወረቀቱ ከናይሮቢ የመጣ ነው ተባለ፤ ታዋቂ የሁቱ መሪዎችን ለመግደል ሤራ ተጠንስሷል ይላል። ነገሩ ሐሰት ነበር። ወሬው በተሰማ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቡገሴራ በተባለው አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎች ተገደሉ። እንግዲህ «ማን ጻፈው? ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ የመጀመሪያ ግዴታ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1990 የተቋቋመው ካንጉራ የተባለው ጋዜጣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሁቱዎች ቱትሲዎችን በጋብቻም በንግድም እንዲርቁ የሚያዝዙ አሥር ትእዛዛት አትሞ ነበር። በጁላይ 1993 ደግሞ «የሺህ ኮረብቶች» የተባለው የግል ሬዲዮ ሥራ ጀመረ። ይህ ጣቢያ ወጣቱን በዘፈንና በቀልድ እየሳበ፣ በመካከሉ ጎረቤትን «በረሮ» የሚል ስድብ ያለማምድ ነበር።

በእልቂቱ ጊዜ

የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን በኤፕሪል 6 ቀን 1994 ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ግድያው ተጀመረ። ሬዲዮው የሚፈለጉ ሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ስፍራ ይናገር፣ መግደልን «ሥራ» እያለ ይጠራ ነበር። በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ 800,000 ያህል ሰዎች አለቁ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ቁጥሩን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ቱትሲዎች ሲሆኑ፣ ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም ይገኙባቸዋል።

የውጭው ዓለም ጋዜጠኛስ? በዚያው ወር ብዙዎቹ ትኩረታቸውን በደቡብ አፍሪካ ምርጫ ላይ አድርገው ነበር። ኪጋሊ ውስጥ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙ ጋዜጦችም ነገሩን «የቆየ የጎሣ ጥላቻ» ወይም «ሥርዓተ አልበኝነት» ብለው ጻፉት። በእርግጥ በመንግሥት ጦርና በአማፅያኑ መካከል ውጊያ ነበር። ነገር ግን ውጊያና የታቀደ ፍጅት አንድ አይደሉም። የሚዋጉ ሁለት ወገኖች ተኩስ አቁሙ ይባላሉ፤ በየቤቱ እየታደነ የሚገደል ሕዝብ ግን የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። ስሙ ሲሳሳት መድኃኒቱም ይሳሳታል።

ጥፋቱ የጋዜጠኛ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። የሰላም አስከባሪው ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር በጃንዋሪ 11 ቀን 1994 ስለ ድብቅ መሣሪያና ስለ ግድያ ዕቅድ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት አስጠንቅቀው ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ግን በኤፕሪል 21 ቀን ጦሩ ወደ 270 ሰዎች እንዲቀነስ ወሰነ። ዘግይቶ፣ በጁላይ፣ ጎማ በተባለችው የዛየር ከተማ በስደተኞች ላይ ኮሌራ ሲገባ የፊልም አንሺው ብዛት ሌላ ሆነ። ከስደተኞቹ መካከል ገዳዮችም ነበሩ፤ ይህን ያልተነገረው ተመልካች ግን ሁሉንም የፍጅቱ ሰለባ አድርጎ ሊወስድ ይችል ነበር።

ከእልቂቱ በኋላ

በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 3 ቀን 2003 የሬዲዮውን ሁለት መሥራቾችና የካንጉራን አዘጋጅ ጥፋተኞች ናቸው አለ። ለማስረጃ ከቀረቡት ውስጥ የራሱ የሬዲዮው ስርጭት ቅጂዎች ነበሩበት። በ2007 የይግባኙ ችሎት ቅጣቱን ቀነሰ። ከኤፕሪል 6 በፊት የተላለፈው የሬዲዮ ስርጭት ጥላቻ ቢያናፍስም፣ በቀጥታ ለዘር ማጥፋት ያነሣሣ መሆኑ አልተረጋገጠም ሲልም ወሰነ።

ከዚህ ፍርድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። ይህ የሕግ አንቀጽ የሚደርሰው በመጨረሻው ቃል፣ «ግደል» በሚለው ላይ ነው። ሰውን «በረሮ» ብሎ በመጥራት የተጀመረውን የመጀመሪያ ቃል ሊገታ የሚችለው ግን የጋዜጠኛው ኅሊና፣ እንዲሁም አንባቢውን የሚያሠለጥነው መምህር ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ትዝታውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዓመታት በኋላ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቁጥር ሲጠቅስ ምንጩን ይናገር፤ የተረፈውን ሰው ሲጠይቅ ቁስሉን አይነካካ፤ በማስረጃ የተረጋገጠውን እውነትና የካጂውን ቃል «ሁለት አስተያየት» አድርጎ እኩል አያስቀምጥ። ቱትሲ ጎረቤቶቻቸውን የደበቁ ሁቱዎች ነበሩና፣ የገዳዮችንም ጥፋት በሕዝብ ላይ አይጫን።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማስተማር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መምህሩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፦ «ሰዎች ሞቱ»፤ «ሰዎች ተገደሉ»፤ «ሚሊሺያዎቹ በቤተ ክርስቲያን የተጠለሉትን ቱትሲዎች ገደሉ»። በመጀመሪያው ወንጀሉ የለም። በሁለተኛው ወንጀሉ አለ፣ ወንጀለኛው ግን ተሰውሯል። በሦስተኛው ማን፣ ማንን፣ የት እንደገደለ ይታወቃል። ተማሪዎችም የሰሙትን ዜና ይዘው ይምጡና ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመስል ይመርምሩ። ዜናን እንዲህ መመርመር የለመደ ተማሪ ነገ ጋዜጠኛ ቢሆን የሚጽፈውን ያውቃል፤ አድማጭ ቢሆንም በቀላሉ አይታለልም።